ውሃ ሲነካው የሚራባ ሰይጣን

ቅዳሜ ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ስለዚህ ልጻፍ። የእህቴ ልጆች ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። እምዬም ጸሎታቸውን አድርሰው ጋደም ብለዋል። ዛሬ ማታ «ግሬምሊንስ 2» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ከእነርሱ ጋር እንደገና አየሁት፤ አቋሜም አልተለወጠም፤ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይበልጣል። በዚህ የሚስማማኝ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

የመጀመሪያው በ1984 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲወጣ ሊያስፈራ የመጣ ፊልም ነበር። ትንሽ ከተማ፣ የፈረንጅ ገና፣ በረዶ፣ ማእድ ቤት ውስጥ በማይክሮዌቭ የሚፈነዳ ፍጥረት። አሜሪካኖች ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስበውን የፊልም ደረጃ በዚያው ዓመት ያወጡት፣ እርሱና በዚያው ሰሞን የታየ ሌላ ፊልም ባስነሡት ቅሬታ ነው። ሁለተኛው በ1990 ሲሠራ ዳይሬክተሩ ጆ ዳንቴ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ኩባንያው ያለ እርሱ ሞክሮ ሲያቅተው «እንደ ፈለግህ አድርገው» ብሎ ፈቀደለት፤ ገንዘቡንም ጨመረለት። ሰውየው ታዲያ ያገኘውን ነጻነት ያዋለው በራሱ ፊልም ላይ ለማላገጥ ነው። ይህን ስለምወድለት ነው እንግዲህ።

ሕጎቹን ለእምዬ መተርጎም የኔ ድርሻ ነበር። ጊዝሞ የሚባለው ጆሮ ትልቁ፣ ጠጉራሙ ፍጥረት ሦስት ነገር አይሆንለትም። ኃይለኛ ብርሃን አይወድም፤ የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል። ውሃ ሊነካው አይገባም፤ ከነካው ከጀርባው ሌሎች ይፈለፈላሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላም መብላት የለበትም፤ ከበላ ወደ አስቀያሚው፣ ጥርሳሙ ግሬምሊን ይለወጣል።

እምዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ሆነው በጥሞና ሰሙኝ። በብርሃኑ ተስማሙ። በውሃው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ሰይጣን በጠበል ሲሸሽ እንጂ ሲራባ የት ታይቶ ያውቃል?» አሉ። ስለ ምግቡ የሰጡት አስተያየት ደግሞ ያልጠበቅሁት ነበር። ልጆቹ ነገ ስለሚቆርቡ ከራት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ አስጠንቅቀዋቸው ነበርና፣ «እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ፈቅደውለት ነው እንዲህ የቀበጠው» አሉ።

ፊልሙ ራሱ በእነዚህ ሕጎች ላይ ሲስቅ የምወደው ቦታ ደረሰ። የጊዝሞ ጌታ ቢሊ፣ ታሪኩ በሚሆንበት ሕንፃ መቆጣጠሪያ ክፍል ላሉት ሠራተኞች ሕጉን ሲያስረዳ ያፌዙበታል። ማታ አምስት ሰዓት ላይ በልቶ አንዲት ፍሬ ጥርሱ መሃል ብትቀርና ከስድስት ሰዓት በኋላ ብትወጣስ? በአውሮፕላን እየበላ ሰዓቱ ወደሚለይ አገር ቢሻገርስ? ክርክሩ ሳያልቅ አንዱ ግሬምሊን ዘሎ ይወጣባቸዋል። በየአገሩ ያለ ተመልካች እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። እምዬ ግን ጥያቄውን ከምር ወሰዱት። «ከዋጣት በላ፤ ከተፋት አልበላም። ይህ ምን ያከራክራል?» አሉ። የአውሮፕላኑን ጉዳይ ለንስሐ አባታቸው አቆይተውታል።

ታሪኩን ማሳጠር ይቻላል፤ ብዙም አይደለምና። ኒው ዮርክ ውስጥ ክላምፕ የሚባል ባለጸጋ ሁሉ ነገሩ በራሱ የሚሠራ ረጅም ሕንፃ አቁሟል፤ ግሬምሊኖቹ እዚያ ይራባሉ፤ ሕንፃው ይታመሳል። የሕንፃው ነገር ለብቻው ያስቀኛል። የእሳት ማስጠንቀቂያው ድምፅ «ውጡ» ከማለቱ በፊት ስለ እሳት ምንነትና ለሰው ልጅ ስላለው ጥቅምና ጉዳት ያብራራል፤ ከዚያ ነው ሕንፃው እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገረው። መግቢያው ከጉዳዩ የሚረዝምበት ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ!

እምዬ የመንዝ ልጅ ናቸው፤ ልጅነታቸው የገብስ ማሳ ከጭላዳ ሲጠብቁ ያለፈ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ምግቡ ሣር ነው፤ እሸት ካየ ግን አይምርም። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል፤ እረኛ ግን ይስቅበታል። ግሬምሊኖቹ የሕንፃውን አዳራሽ ሞልተው እየተንጫጩ ያገኙትን ሲያግበሰብሱ እምዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እነዚህማ ጭላዳ ናቸው! እዚያ አገር ወንጭፍ የለም?» የሚገርመው ነገር ፊልሙ ሰማቸው። ትንሽ ቆይቶ ጊዝሞ ከቢሮ ዕቃ ቀስት ሠርቶ፣ ፍላጻው ላይ እሳት ለኩሶ፣ ሸረሪት የሆነውን ጠላቱን ሲያነድደው አየን። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ይህ የጭላዳ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ግሬምሊኖቹ ዓላማ የላቸውም። ዓለምን መግዛት አይፈልጉም፤ መብላት፣ መልበስ፣ መዝፈን፣ መስበር ነው የሚፈልጉት። አንዱ ከቤተ ሙከራው መድኃኒት ጠጥቶ ሊቅ ይሆንና መነጽር አድርጎ በቴሌቪዥን ስለ ሥልጣኔ ይተነትናል፤ በመሃሉ አጠገቡ የሚቀባጥረውን ወንድሙን በሽጉጥ ይገድልና ንግግሩን ይቀጥላል። ጭራቅ ሰውን የሚበላው ተርቦ ነው፤ ምክንያቱ ስለሚገባን እንፈራዋለን። ምክንያት የሌለውን ፍጥረት ግን ፈርተን ሳንጨርስ ሳቅ ይቀድመናል።

በልጅነቴ ይህን ፊልም ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጡ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ጫማ የሚያወልቅ ሰው። ፊልሙ መሃል ላይ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ተንሿሿ። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። «ብራችንን መልስ!» የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ካሴቱን አወጣ፤ ቴፑን በአምፖሉ ፊት አገላብጦ አየው፤ የማጫወቻውን ሆድ ከፍቶ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠራረገው፤ መልሶ ከተተው። ያው ቦታ ሲደርስ ያው ሆነ። ሊያወጣው ጎንበስ ሲል የግሬምሊኖቹ ሳቅ ተሰማ። ለካስ ካሴቱን የሰበሩት እነርሱ ናቸው! ቀጥሎም ከየትኛው ፊልም እንደመጣ ያልገባን ካውቦይ ብቅ ብሎ በጥይት ለቀማቸው። ባለቤቱ ጥጡን እንደያዘ ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

ዛሬ ያ ካውቦይ የለም። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሲኒማ ቤት የታየውና በካሴት የወጣው ይለያያሉ። በሲኒማው ቅጂ የሚቃጠለው የፊልሙ ጥቅል ነው፤ ግሬምሊኖቹ የማሳያ ክፍሉን ይይዙና፣ ተመልካች መሃል የተቀመጠው ነጻ ትግለኛው ሃልክ ሆገን ተነሥቶ ይቆጣቸዋል። ለካሴቱ ደግሞ ማጫወቻው የተበላሸ እንዲመስል አድርገው እንደገና ሠሩት፤ ካውቦዩም ጆን ዌይን ነበር። ዛሬ ያየነው የሲኒማውን ቅጂ ነው። ምስሉ ሲቋረጥ ታናሹ ልጅ «ኔትወርክ ጠፋ» አለ፤ ፊልሙ የመጣው ግን ከፍላሽ ነው።

ገንዘብ አላመጣም። የመጀመሪያው በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በአገሩ ብቻ ወደ 150 ሚሊዮን አስገባ፤ ሁለተኛው እጅግ የበዛ ወጥቶበት በአገሩ ያገኘው 41 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ዲክ ትሬሲ» ከተባለው ትልቅ ፊልም ጋር በአንድ ቀን መውጣቱም አልጠቀመውም። ሦስተኛ ክፍል ሳይመጣ ስንት ዓመት አለፈ። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው አኮረፉኝ፤ እኔ ግን ከፊልሙ ቀልድ በኋላ ሌላ ክፍል በምን ፊት እንደሚሠራ አይታየኝም።

መጨረሻው ሰርግ ነው። ከንፈሯን ቀይ የተቀባች ሴት ግሬምሊን፣ ልቧ እስኪጠፋ የወደደችውን የሕንፃውን ሹም በነጭ የሙሽራ ልብስ ታጠምደዋለች። ሰውየውም ትንሽ ደንግጦ፣ በኋላ ትከሻውን ነቅንቆ ፈገግ ይላል። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እምዬ አልሳቁም። ሽማግሌ ተልኮ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አለመላኩን ነገርኳቸው።

«ሰባት ቤትስ ተቆጥሯል?»

ዘመዶቿ ሁሉ ከአንድ ጊዝሞ ጀርባ የተፈለፈሉ መሆናቸውን አስታወስኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያማ ከሆነ ከባዕድ መውሰዷ ደግ አድርጋለች» ብለው ከሰሉን በአመድ አዳፈኑት።