ለተአምሩ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ከሳይንሳዊና ከጀብዱ ልብ ወለድ ንባቤ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድና የጀብዱ ታሪክ እያቀያየርኩ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ከየት እንደተነሳሁ፣ የትኛው እንደያዘኝ፣ የትኛውን መሃል ላይ እንዳስቀመጥኩት ስትጠይቁኝ ነበር። እስካሁን የደረስኩበት ይኸው። መጻሕፍቱን የማገኘው እንደ ብዙዎቻችሁ ነው፤ ከአራት ኪሎና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ ከወመዘክርና ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት። የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን ደግሞ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ አውርጄ በስልኬ አነባለሁ። የውጭ መጻሕፍቱን ዓመት የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሳነብ ደብተርና ካርታ ከአጠገቤ አይጠፉም። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ደብተሬ ላይ የማስቀምጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ ደራሲው ለፈጠረው ተአምር ዋጋ የሚከፍለው ማነው? በምን? መርከቡ ከባሕር በታች ይሂድ፣ ሰውየው ከዓይን ይሰወር፣ እሺ ብዬ እቀበላለሁ። አየሩ፣ ስንቁ፣ ብርዱ፣ ርቀቱ ግን አንድ ሰው ትከሻ ላይ ማረፍ አለበት። ጀግናው የሚፈልገው ሁሉ በተመኘው ሰዓት ከተገኘለት ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ይሰለቸኛል።

ይህን መለኪያ ያስያዘኝ የኤች. ጂ. ዌልስ «የማይታየው ሰው» ነው፤ በ1897 የታተመ። ግሪፈን የሚባል ወጣት ተመራማሪ ብርሃን በገላው ውስጥ ሳይነካው እንዲያልፍ አድርጎ ይሰወራል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ወዲያው ባንክ ያዘርፈው ወይም ቤተ መንግሥት ያስገባው ነበር። ዌልስ መጀመሪያ ያደረገው ግን ብርድ ላይ ማውጣት ነው። የተሰወረው ገላው እንጂ ልብሱ ስላልሆነ ሰውየው በጥር ብርድ ለንደን መሃል ራቁቱን ይሄዳል። ውሻ ያሸተዋል። የበላው ምግብ ከሰውነቱ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ይታያል። በረዶ ቢጥልበት ቅርጹ ይወጣል፤ ዝናብ ቢመታው የሚያብለጨልጭ የሰው አምሳል ይሆናል። ጭቃ በረገጠ እግሩ አዲስ ነጭ የተቀባ የቤት ደረጃ ላይ ሲወጣ ዱካው ይቀራል፤ ልጆች ያዩትና ይከተሉታል። ሰው የለም፣ ዱካ ግን አለ። ይህችን ገጽ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ።

የፒያሳን ሐምሌ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ገጽ ማስረጃ አያሻውም። አንድ ሰው ተሰውሮ ከጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ቢወርድ፣ ብርዱ ራሱ ቢተወው ዝናቡ ያጋልጠዋል፤ ዝናቡ ቢያባራ ጭቃው አለ። ዌልስ በሙሉ ያልከፈለው አንድ ዕዳ ይታየኛል። ዓይን የሚያየው ብርሃን ውስጡ ሲቀር ነው፤ ብርሃኑ ሁሉ አልፎት ከሄደ ግሪፈን ዕውር መሆን ነበረበት። ሌላውን ሁሉ እንዲህ አድርጎ ስለከፈለ ይህን አልያዝኩበትም።

ረጅም ጊዜ የቆየሁበትም ከራሴ ጋር ያከራከረኝም የዡል ቬርን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» ነው፤ 1870። ካፒቴን ኔሞ የሚመራት ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ በኤሌክትሪክ ትሄዳለች። ምግቡም፣ ልብሱም፣ የሚያጨሰው ሲጋራ ሳይቀር ከባሕር የተገኘ ነው። ከባሕር በታች የማይገኘው አየር ነው፤ ለእሱ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ቬርን ይህን ዕዳ ገና ከጅምሩ አስመዝግቦ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ይጠይቃል። በረዶ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ዘግቶባት አየሩ እያለቀ ሲሄድ ሰዎቹ የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው በፈረቃ እየወጡ በረዶውን በዶማ ይቆፍራሉ። ቆፋሪው ጀርባው ላይ ባለው በርሜል ንጹሕ አየር ያገኛል፤ ውስጥ የቀረው ይታፈናል። እንግዲህ አስቡት፤ መቆፈር ዕረፍት ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አንዲት ደቂቃ ሳይጨምር መሣሪያውን ለተረኛው ያስረክባል፤ መጀመሪያ የሚያስረክበውም ካፒቴኑ ራሱ ነው። ኔሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከንግግሮቹ ሁሉ ይልቅ የገባኝ ከዚህ ነው። (ዋልታውን በተመለከተ ቬርን አልቀናውም፤ ኔሞን በባሕር እዚያ ያደርሰዋል፣ በእውኑ ግን ጀልባ እዚያ አይደርስም። ደቡብ ዋልታ በረዶ የለበሰ አህጉር ላይ ነው፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ያልፋል። በ1911 ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን የደረሰው በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ነው።)

ቀይ ባሕር ላይ ስደርስ ግን ደብተሬን ገልብጬ ሌላ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ናውቲለስ በባብ ኤል መንደብ የምትገባው በልብ ወለዱ አቆጣጠር በየካቲት 1868 ነው። ያ ወር ለእኛ ምን እንደሆነ አስቡ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ አርፎ ወደ መቅደላ የሚገሰግስበት ወቅት ነው። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት ከሁለት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ ነው። ለዚያ ዘመቻ ወታደርና ዝሆን የጫኑት መርከቦች የሚመላለሱት በዚያው ባሕር ላይ ነበር። ቬርን በ1875 ባወጣው «ምስጢራዊው ደሴት» ደግሞ ኔሞ ማን እንደሆነ ይነግረናል፦ በ1857 በእንግሊዝ ላይ የተነሳ የሕንድ ልዑል ነው። የናፒየር ጦር አብዛኛው ከቦምቤይ የመጣ ነው። እንግዲህ ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ይዤ ሳነብ፣ አገሩን የተነጠቀ ሕንዳዊ ልዑል ከባሕር በታች ሲያልፍ ከላይ በዚያው አገር የተመለመለ ሠራዊት ወደ ሌላ ንጉሥ እየሄደ ነው። ቬርን ይህን ያስበው አያስበው ለእኔ ለውጥ የለውም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን ሊያልፈው አይችልም።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ከመጽሐፉ የምወደውና የምጣላው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስዊዝ ካናል ገና አልተከፈተም፤ የተከፈተው በኅዳር 1869 ነው። ኔሞ ግን ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን የሚያሳልፍ የምድር ውስጥ ዋሻ አውቃለሁ ይላል። እንዴት አወቅህ ሲሉት፣ ስዊዝ አጠገብ ዓሣ ይዞ ጅራታቸው ላይ የመዳብ ቀለበት አስሮ እንደለቀቃቸውና ከወራት በኋላ የተወሰኑትን ሶርያ ዳርቻ እንዳገኛቸው ይናገራል። ከዚህ የጠራ ማስረጃ ልብ ወለድ ውስጥ አላጋጠመኝም፤ ያን ዋሻ አመንኩት። ከዚያ ግን ናውቲለስ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሜዲትራኒያን ትገኛለች። ካርታዬን ዘረጋሁ። የስዊዝ የየብስ ወሽመጥ ከ120 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ይህን በሃያ ደቂቃ ለማቋረጥ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር መብረር ያስፈልጋል። ለዓሣው የተጨነቀ ደራሲ ለርቀቱ ሳይከፍል አለፈ። አሳዝኖኛል፤ ቀለበቱን ግን አልረሳውም።

ለጀማሪ አንድ ምክር፦ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ የ1870ዎቹን የድሮ ትርጉም ተዉት፤ ብዙ ገጽ ተቆርጦበታል። ጉተንበርግ ላይ የኤፍ. ፒ. ዋልተር ሙሉ ትርጉም በነፃ አለ።

የዚሁ የቬርን «ከምድር ወደ ጨረቃ» (1865) ላይ ብዙ አልቆየሁም። ፍሎሪዳ ላይ 900 ጫማ ርዝመት ያለው መድፍ ቀብረው ሦስት ሰው ወደ ጨረቃ ይተኩሳሉ። በአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ አሰላሁት፤ 274 ሜትር ውስጥ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ የሚያስፈልገው ግፊት ከምድር ስበት 20,000 እጥፍ ይበልጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለዚያች ቅጽበት ከ1,200 ቶን በላይ ይሆናል። ቬርን ለዚህ ያዘጋጀው የውሃ ትራስ ነው። አይበቃም።

የሄንሪ ራይደር ሃጋርድ «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» (1885) ግን ስሜቴን ለሁለት ከፈለው። በሰሎሞን ስም ተስቤ ነው የያዝኩት፤ ታሪኩ እንግሊዛውያን ተጓዦችን ተከትሎ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ይዞን ይሄዳል፣ ሳባም በተራሮች ስም ላይ ትነሳለች። ጉዞው በደንብ የተከፈለበት ነው። በረሃው ውስጥ ውሃ አልቆባቸው የበረሃ ሐብሐብ አግኝተው ይተርፋሉ፤ ከዚያ ተራራው ላይ ብርድ ይጠብቃቸዋል፤ ዋሻ ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተውና ካርታውን በደሙ የሳለው ፖርቱጋላዊ ደርቆ ተቀምጦ ያገኙታል። ሃጋርድ ስለ ግርዶሹም ተጨንቋል። በመጀመሪያው እትም እንግዶቹ ሕዝቡን ያስደነገጡት በፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ በኋላ ወደ ጨረቃ ግርዶሽ ለወጠው። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ቢረዝም ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ የጨረቃው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ቀና ያላችሁ፣ ዋናው ትዕይንት እንዴት እንደሚቸኩል ታውቁታላችሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ከተራራው ማዶ ያለው አገር መንገድ አለው፣ ሠራዊት አለው፣ ሕግ አለው፤ ደራሲው ግን ሕዝቡን አንድ መነጽርና አንድ አርቴፊሻል ጥርስ ባየ ቁጥር የሚንበረከክ አድርጎ ይሥለዋል። በመድፍ ታግዞ የመጣ ጦር ዓድዋ ላይ ምን እንደገጠመው እያወቅን ያደግን አንባቢዎች ይህን ዝም ብለን አናልፍም። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ንጉሡ ኢግኖሲ እንግዶቹን ሲሸኝ፣ ከእንግዲህ ጠመንጃና አረቄ የሚያመጣ ነጭ ነጋዴ ተራራውን አያልፍም ይላል። ይህ በታተመበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው የበርሊን ጉባኤ አፍሪካን መቀራመቻ ደንብ አጽድቆ የተበተነው። ሃጋርድ ሌላው ገጽ ላይ የካደውን ክብር እዚህ ገጽ ላይ መልሷል፤ ለእኔ የመጽሐፉ እውነተኛ ቦታ እዚህ ነው።

ከዘመናዊዎቹ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» (1965) ዋጋን የመጽሐፉ አጥንት አድርጎታል። አንድ የበረሃ መሪ መስፍኑ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይተፋል፤ የመስፍኑ ሰዎች ሊቆጡ ሲሉ ከራሱ ገላ ውሃ መስጠቱ እንደሆነ ይነገራቸዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ሌሊቱን ያነጋ ሰው ይህን ትዕይንት ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። የፖለቲካው ሴራ ግን አስረዝሞብኛል። የአንዲ ዊር «ማርሺያኑ» ደግሞ በማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ድንች እየተከለ ካሎሪ ሲቆጥር ነው የያዘኝ። ሰውየውን እዚያ ያስቀረው ማዕበል ግን አያሳምንም፤ የማርስ አየር ግፊት ከምድር አንድ በመቶ አይሞላም፣ ነፋሱ ሰው የመጣል አቅም የለውም።

ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረው ትንሹ መጽሐፍ ነው። የናይጄሪያ ተወላጅ ቤተሰብ ልጅ የሆነችው የንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015)። በናሚቢያ የሚኖረው የሂምባ ሕዝብ ልጅ ናት ቢንቲ፤ ገላዋንና ጸጉሯን በቀይ አፈርና በቅባት እንደተቀባች ከቤተሰቧ ተደብቃ ሌላ ዓለም ወዳለ ዩኒቨርሲቲ በመንኮራኩር ትሄዳለች። ያ አፈር ከቤት የያዘችው ሁሉ ነው፤ እያለቀ ሲሄድ አብሬያት ተጨነቅሁ። የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ሲሠሩ ያየ ሰው ይህ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ከእኛ አህጉር የተነሳች ልጅ የራሷን ተአምር ራሷ ስትከፍልበት ማንበብ ከቬርንና ከሃጋርድ በኋላ ትልቅ እፎይታ ነው።

በአማርኛስ? ብዙዎቻችን በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» እናነሳለን። የጣናን ገዳማትና የህዋ ሳይንስን በአንድ ታሪክ ማገናኘቱን እወደዋለሁ፤ ብዙ ወጣት መጽሐፍ እንዲይዝ ያደረገ ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው ቀስ ያለ ገጽ ነው፤ ጀግናው ሥራውን በእጁ ሲሠራ፣ ሲሳሳት፣ ሲጠብቅ። ኢንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። ክረምት ሲገባ ደመናው አይገለጥም። በዚያ ደመና ሥር መረጃ የሚጠብቅ ባለሙያ ታሪክ ቢጻፍ ለመጀመሪያው ቅጂ ተሰልፌ እገዛለሁ፤ የምትጽፉ ካላችሁ ረቂቁን በደስታ አነባለሁ።

አሁን የያዝኩት የዌልስን «የጊዜ መኪና» ነው። የ«ቢንቲ»ን ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል በወረቀት ያለው ካለ በ«ዱን» እቀይራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ መጽሐፍ ሻጮቹ ጋ ነኝ።