የ35 ቀኑ ደመወዝ

ወጪያችሁን አብራችሁኝ መጻፍ ለጀመራችሁ ወዳጆቼ፣ ወጪዬን በደብተር መጻፍ ቤታችን ውስጥ ምን እንደቀየረ ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይዤው መጥቻለሁ። የወጪ ደብተሬ ዓመት አልፎታል። ከመስከረም 2017 እስከ ጥር 2018 የሆነውን እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ብረታ ብረት ቤት ይሠራል፤ በርና መስኮት ሲታዘዝ ገንዘብ አለ፣ ሳይታዘዝ ሲቀር የለም። ሁለት ልጆች አሉን። የእኔ ደመወዝ ግብሩና ጡረታው ተቆርጦ 9 ሺህ 200 ብር እጄ ላይ ይደርሳል።

መስከረም 2017

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት ለምዶብኝ ነበር። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ዓይኔ ይገለጣል። ከዚያ ጨለማው ውስጥ መደመር እጀምራለሁ። የቤት ኪራይ፣ ዩኒፎርም፣ ዘይት፣ ከሰል። ድምሩ ግን በየሌሊቱ ይለያያል፤ ምክንያቱም አንዱንም ቁጥር በትክክል አላውቀውም ነበር። ከባንክ መልእክት ሲገባ ሳላየው ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ሰፈራችን ካለው ሱቅ ዱቤ ነበረብን። በግምቴ 6 ሺህ ብር አልፏል። ባለሱቁን ላለማየት በላይኛው መንገድ ዞሬ መሄድ ጀምሬ ነበር። ውርጩ ሲመጣ እንኳን ረጅሙን መንገድ ነበር የምመርጠው።

ጥቅምት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደፍሬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሒሳባችንን ይደምሩልኝ እስቲ።»

«ምነው ልጄ፣ ማን አስቸኮለሽ?»

«ማንም አላስቸኮለኝም። ስንት እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

መዝገባቸውን ገልጠው ደመሩ። 3 ሺህ 740 ብር። ለራሴ ስነግረው ከነበረው በጣም ያነሰ ነው። ገንዘቡ አሁንም የለኝም፤ ዕዳውም እዚያው ነው። ግን ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። በሦስት ወር ከፍዬ እንደምጨርስ ለእሳቸው ነገርኳቸው፣ እሳቸውም «እሺ» አሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጨረስኩ።

መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ሌላ ምንም የለም። ቀን፣ የተገዛው ነገር፣ ብር። መጀመሪያ 11 ቀን ጽፌ ተውኩት። ሁለተኛ ጊዜ የያዘልኝ ነገር ሰዓቱን መወሰኔ ነው። በየቀኑ መጻፍ አልሆነልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየፈላ፣ ሳምንቱን አንድ ላይ እጽፋለሁ። በቴሌብር የከፈልኩት መልእክቱ ስልኬ ላይ ስላለ አይጠፋኝም። በጥሬ ብር የወጣውን ባለቤቴን እየጠየቅኩ እሞላዋለሁ። 20 እና 30 ብር ከጎደለ አልፈልገውም፣ እተወዋለሁ።

ታኅሣሥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉንም ነገር የቀየረው ይኼ ነው።

ደብተሬ ላይ «ድንገተኛ» የሚል ክፍል ነበረኝ። ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብነው። የገና በግ። የክርስትና ስጦታ። የልጅ ጫማ። መሐል ሜዳ የባለቤቴ እናት ዘንድ ደርሶ መልስ። ገና መቼ እንደሚውል እናውቃለን። የልጅ እግር እንደሚያድግ እናውቃለን። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ሠርግ እንደሚበዛ አገር ያውቃል። ድንገተኛ ያልነው ሁሉ ቀኑ የታወቀ ነበር።

ስለዚህ የዓመቱን ወጪ በአንድ ገጽ ላይ አሰፈርን። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል 9 ሺህ፣ ለልጆች ትምህርት መጀመሪያ 8 ሺህ፣ ለገና 6 ሺህ፣ ለፋሲካ 9 ሺህ፣ ለሠርግና ለክርስትና 5 ሺህ፣ ለለቅሶና ለአገር ቤት መንገድ 5 ሺህ። ድምሩ 42 ሺህ ብር ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 3 ሺህ 500 ይደርሳል።

ለምን ለ12? ጳጉሜን ደመወዝ የላትማ። የነሐሴ መጨረሻ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ 35 ቀን ይሄዳል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 36። በእነዚያ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። የዓመቱ ረጅሙ ወር የዓመቱ ከባዱ ወር ነው። እኔ በየመስከረሙ የምታመመው ለካ እዚህ ላይ ነበር። አያያዜ መጥፎ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ደመወዜ እዚያ ድረስ እንደማይደርስ በቁጥር ሳየው ራሴን መውቀስ አቆምኩ።

መፍትሔው በእጄ ነበር። ትምህርት ቤታችን 12 ሆነን በወር 1 ሺህ 500 ብር የምንጥለው እቁብ አለን። መስከረም ጀምሮ ነሐሴ ያልቃል። ዳኛው ዘንድ ሄጄ የመጨረሻው ዕጣ ለእኔ እንዲሆን ለመንኩ። ሰው ሁሉ ቀድሞ መውሰድ ስለሚፈልግ ማንም አልተቃወመም። ዋስ ማቅረብም አላስፈለገኝም። ነሐሴ 30 ላይ 18 ሺህ ብር ይደርሰኛል፤ ለዘመን መለወጫ፣ ለመስቀልና ለትምህርት ቤት የሚበቃ። የቀረውን 2 ሺህ በየወሩ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ደብተር አስገባለሁ።

ይኼ መንገድ ጉዳት የለውም አልልም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋ እንዴት እንደሄደ አይታችኋል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰኝ 18 ሺህ መጀመሪያ ላይ የሚገዛውን ያህል አይገዛም። ይኼን አውቄ ነው የመረጥኩት። መስከረም ላይ አለመበደርን እመርጣለሁ።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። በፊት ከዚህ የሚተርፈው ብር የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። አሁን ወደ ፋሲካ ሒሳብ ዞረ። ከሰፈር ሰዎች ጋር ቅርጫ ገባን፤ ዕዳ ሳንገባ በዓሉን ዋልን።

ጥር ውስጥ የተገዛው ጤፍም እዚህ ጋ ይነሳ። ምርት ገብቶ ገበያው በረድ ሲል አንድ ኩንታል የምንጃር ጤፍ ከእህቴ ጋር ተካፍለን ገዛን። ክረምት ላይ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል። መንገድ ሲዘጋ እህሉ ከተማ ስለማይደርስ ዋጋው ይዘላል፤ ቤት ያለ እህል ደግሞ ያን ቀን ያረጋጋል።

ግንቦት

አጎቴ መሐል ሜዳ አረፈ። ስልኩ የመጣው ሌሊት ነው። በፊት ቢሆን የመጀመሪያ ሐሳቤ «ከማን እበደራለሁ?» ነበር፤ የአባቴን ለቅሶ እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። አልጋው አጠገብ ስለ ብር ሳስብ አድሬ፣ በሐሳቤ አፍሬ ነበር። አሁን ለለቅሶ ያልነው 5 ሺህ ውስጥ 3 ሺህ 200 ነበረ። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ልጅ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞኝ ገበያ የሚወስደኝ ትዝ እያለኝ አለቀስኩ። ለአጎቴ ብቻ አለቀስኩ። ይኼን መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ክረምቱ ላይ ወደኋላ ተመለስን። ባለቤቴ ሐምሌን ያለ ሥራ ዋለ። የባንኩን ደብተር ሁለት ወር ነካንበት፤ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አላስገባንም። ጭንቀቱም ተመልሶ መጣ፣ ሌሊትም ነቃሁ። ተነስቼ መብራት አብርቼ ደብተሩን አየሁ፣ የቀረውን ቁጥር አነበብኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ።

ነሐሴ 30 ዕጣው ደረሰኝ። ዩኒፎርሙ ጳጉሜን 2 ተገዛ።

አሁን፣ ጥር 2018

ያልተፈታ ነገር አለ። የባለቤቴ ገቢ ወር በወር እኩል አይመጣም። ከዚህ ወር ጀምሮ እሱም በየሳምንቱ ያገኘውን እየጻፈ ነው። ስድስት ወር ሲሞላው ዝቅተኛውን ወር እንደ ደመወዝ ቆጥረን በእሱ ለመኖር፣ ከእሱ በላይ የመጣውን ለክረምት ለማስቀመጥ አስበናል። ገቢያችሁ እንደዚህ የሚዋዥቅ ካላችሁ፣ በእናንተ ቤት ምን እንደሠራ ንገሩኝ።

የ2018 ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ለፋሲካ እስከ አሁን 4 ሺህ 300 ብር አለን። ባለሱቁን ትናንት ሰላም ብዬ አልፌያለሁ፣ በታችኛው መንገድ።