ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት መውደቅ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወር አልሞላኝም ነበር። መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ የሚያደርስበትን 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ቁልፍ ስረከብ፣ ከእኔ በፊት ይነዱት የነበሩት አንጋፋ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና "ሲሮጥ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሲያዘግም ነው አንተን የሚፈልገው" አሉኝ። የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ሳቅ ብዬ ወጣሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ምንም አልሆንኩም። ሰፈር ውስጥ ገብቼ ግን ደብዳቤውን የማደርስበትን ቤት አልፌው ሄድኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዳርና ዳሩ ጠጠር። ወርጄ እየገፋሁ ማዞር እችል ነበር። ግን አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። ሰው እያየ ሞተር መግፋት ለጀማሪ እንዴት እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል።

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ዓይኔ አጥሩ ሥር ያለው ጠጠር ላይ ተተከለ። ሞተር ዓይን ወዳለበት ነው የሚሄደው፤ ወደዚያው አመራ። ደነገጥኩ። ግራ እጄ ፍሪሲዮኑን፣ ቀኝ እጄ ደግሞ በአራት ጣት የፊት ፍሬኑን ጨመቀ።

የፊት ፍሬን ክፉ ነገር አይደለም። ቀጥ ብሎ ሲኬድ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ ሲያዝ ግን የፊቱ ጎማ ድንገት ይቆማል፣ ሚዛን የሚጠብቀው ፍጥነትም አብሮ ይጠፋል፤ ሞተሩም መሪው ወደዞረበት ይተኛል። ግራ እግሬን ዘረጋሁ፤ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ያ ሁሉ ብረት ቀስ ብሎ፣ እንደደከመ በሬ፣ ይዞኝ ጋደም አለ።

ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት ሞተሩን አይደለም፤ ሴትዮዋን ነው። አልሳቁም። "አንተ ልጅ፣ አጥፋው እንጂ! ቤንዚን እየፈሰሰ ነው!" አሉኝ። ለካ እንደተኛ እያጓራ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ።

መሪውን ይዤ ብጎትት ንቅንቅ አላለም። በኋላ ቁጭ ብዬ ጀርባዬን ለኮርቻው ሰጠሁና በእግሬ ኃይል እየገፋሁ አነሳሁት። ማርሽ ውስጥ ስለነበር ጎማው አልተንከባለለም። ሞተሩ ግን እምቢ አለ፤ ካርቡራተሩ ቤንዚን ጠጥቷል። ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው መድኃኒቱ፤ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ግን ጉልበቴ ተልጦ፣ ግራ ስፖኪዮ ሰማይ ሰማይ እያየ መቆም ነበረብኝ።

"የማንን ቤት ነው የምትፈልገው?" አሉ ሴትዮዋ። ፖስታውን አወጣሁ። የእሳቸው ነው። ሳልፍ ጀምሮ እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሲታዘቡኝ መስሎኝ ዓይኔን ከእሳቸው አሸሽ ነበር።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ያስፈራኝ የፍሪሲዮኑ እጀታ ነበር፤ ወደ ላይ ዞሮ ቀርቷል። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። "ጠባብ ቦታ ስትዞር ቀኝ ጣቶችህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ፤ በእግርህ የኋላውን በቀስታ ያዝ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ" አሉና ግቢው ውስጥ ዙረት አስጀመሩኝ። ሃያኛው ዙር ላይ ትከሻዬ ለቀቅ አለ።

እጀታውን ሰበርኩት ብዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው በመዳፋቸው ወደ ታች ገፋ አደረጉት። ወደ ቦታው ተመለሰ።

"አጥብቀህ ካሰርከው ሲወድቅ ይሰበራል፤ ትንሽ ከላላ ይዞራል" አሉኝ።

"መቼ ነው እንዲላላ ያደረጉት?"

"ቁልፉን ልሰጥህ ስል።"