ሰባት ጣት

ሰሞኑን ስለ ላሪ ኢትሊዮንግ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። የካሊፎርኒያ የወይን እርሻ ሠራተኞች ትግል ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የሴሳር ቻቬዝ ስም ነው። በዚያው ግዛት በዴላኖ ከተማ የተነሳውን አድማ የለኮሱት ግን ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ናቸው፤ የመራቸውም ኢትሊዮንግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ሲገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነው። ጠበቃ መሆን ይመኝ ነበር፤ የጠበቀው ግን የእርሻና የዓሣ ፋብሪካ ሥራ ሆነ። በሥራ ላይ አደጋ ሦስት ጣቶቹን ስላጣ «ሰባት ጣት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

በ1965 ጸደይ በኮቼላ ሸለቆ ፊሊፒናውያኑ ሥራ አቁመው በሰዓት 1.40 ዶላር አስከፈሉ። የወይኑን መብሰል ተከትለው ወደ ሰሜን ዴላኖ ሲደርሱ ባለእርሻዎቹ ያንን ዋጋ አንከፍልም አሉ። ሴፕቴምበር 7 በፊሊፒናውያን ማኅበረሰብ አዳራሽ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፤ በማግሥቱ ሥራ ቆመ።

ከሐሳቤ አልወጣ ያሉት እነዚያ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትዳርም ልጅም የሌላቸው ወንዶች ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአገራቸው አብረዋቸው የመጡት ሴቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ነጭ ሴት እንዳያገቡ ደግሞ የካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1948 ድረስ ከልክሏቸው ኖሯል። ቤታቸው የአሠሪው ካምፕ ነው። ሥራ ማቆም ማለት ከደመወዙ ጋር የሚተኙበትንም አልጋ ማጣት ነበር፤ እንደተፈራውም ውሃና መብራት የተቆረጠባቸው ካምፖች ነበሩ። ይህ እንደሚመጣ እያወቁ ነው እጃቸውን ያወጡት።

ኢትሊዮንግ የባለእርሻዎቹን ዘዴ ጠንቅቆ ያውቃል። ፊሊፒናውያኑ ሲያድሙ ሜክሲኳውያኑን ያስገባሉ፣ ሜክሲኳውያኑ ሲያድሙ ፊሊፒናውያኑን። ስለዚህ የሜክሲኳውያኑን ማኅበር ይመራ ወደነበረው ወደ ቻቬዝ ሄዶ አብረን እንቁም አለው። የቻቬዝ ማኅበር ገና አልደረጀም ነበር፤ ቢሆንም አባላቱ ሴፕቴምበር 16 አድማውን ለመቀላቀል ወሰኑ። ከሠራው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። በ1966 የቻቬዝና የኢትሊዮንግ ማኅበራት ሲዋሃዱ ቻቬዝ መሪ ሆነ፣ ኢትሊዮንግ ረዳቱ። ዕድሜውን ሙሉ ሠራተኛ ሲያደራጅ ለኖረ ሰው ሁለተኛውን ወንበር መቀበል ቀላል አይመስለኝም።

አድማው አምስት ዓመት ፈጀ። ሸማቹ ወይን አልገዛም ብሎ ከጎናቸው ቆመ፤ በ1970 የዴላኖ ባለእርሻዎች ውል ፈረሙ። በዓመቱ ኢትሊዮንግ ከማኅበሩ ለቀቀ። ማኅበሩ ሥራ የሚያከፋፍልበት አዲስ አሠራር ለዓመታት አብረው የለቀሙ ፊሊፒናውያንን በታትኗቸው ነበር፤ ያረጁት ሰዎች ተዘነጉ ብሎ አመነ። ልክ ነበር እላለሁ። ድሉ ሲመጣ ብዙዎቹ ለመሥራት አቅሙ አልነበራቸውም።

በ1974 ለእነዚሁ ጡረተኞች የአግባያኒ መንደር ተከፈተ፤ ስሙም በአድማ ሰልፍ ላይ ሳለ ከሞተው ከፓውሎ አግባያኒ የተወሰደ ነው። ኢትሊዮንግ በ1977 በ63 ዓመቱ ዴላኖ ውስጥ አረፈ። የፊሊፒናውያኑ ድርሻ በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች እንዲነገር የሚያዝ ሕግ የወጣው በ2013 ነው። ይህን ያህል መዘግየቱ ያንገበግበኛል።