ክሌመንት ጎዳና ላይ የት ልብላ?

ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የቻይና ምግብ ካላችሁ ሰው ሁሉ ቻይናታውንን ይጠቁማችኋል። እኔ ሪችመንድ ሰፈር፣ ክሌመንት ጎዳና ይሻለኛል። ከጊሪ ጎዳና አንድ ብሎክ ነው፤ 38 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል።

ቤት የምመርጠው በኢንተርኔት ኮከብ አይደለም። ጠዋት በሩ ላይ የተሰለፉት የገበያ ጋሪ የሚጎትቱ የቻይና እናቶች ከሆኑ፣ በቃ እገባለሁ። ዲም ሰም (በትንንሽ ሳህን እየተቆነጠረ የሚቀርብ የቻይና ምግብ) የጠዋት ምግብ ነው። አርፍዳችሁ ከመጣችሁ የተራረፈ ነው የሚደርሳችሁ።

መጀመሪያ የማዘው ሃር ጋው ነው፤ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሽሪምፕ። ሊጡ ውስጡን ማሳየት አለበት። በቾፕስቲክ ሳነሳው ከተቀደደ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ሹ ማይ የሚባለውን ሌላውን የሊጥ ጥቅልል አልነካም፣ የአሳማ ሥጋ አለበት። (እናቴ ሽሪምፑንም ብታይ ጉድ ነበር የምትለው።)

በጾም ነው ነገሩ የሚከብደው። ጋይ ላን የሚባለው አረንጓዴ አትክልት ንጹህ ጾም ይመስላል፤ ላዩ ላይ የሚያፈሱት ጥቁር ሶስ ግን ኦይስተር ከሚባለው የባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው። “ያለ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርት ብቻ” በሏቸው፤ ያደርጉታል።

ጥሬ ብር ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት አይጠፋም። ጃኬትም ያዙ፤ የውቅያኖሱ ጉም በሐምሌም አይምርም።