ሙሽራው ፈርቷል

ዛሬ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ለሚዜነት ሱፍ ልንለካ ሄድን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ አዙሮ "ሆድህን አትሳብ፣ በሠርጉ ቀን መብላትህ አይቀርም" ሲለኝ በሳቅ ሞትን።

ከዚያ ማኪያቶ ልንጠጣ ተቀመጥን። ሙሽራው ድንገት "እኔ ግን ፈርቻለሁ" አለ። ግቢ እያለን ስለ ኳስ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ካፌው ወጥ ነበር ወሬያችን። ስለ ፍርሃት አውርተን አናውቅም። የሚገርመው ማንም አልቀለደበትም። አንደኛው ብቻ የቀዘቀዘ ማኪያቶውን ማማሰሉን ቀጠለ።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃ ከፍሎታል። የወጣትነቱ 6ኛው ነው፤ ወይ ከሰው ጋር ከልብ ትቀራረባለህ፣ ወይ ለብቻህ ትቀራለህ። ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው አለ፤ ወጣቱ ራሱን የሚፈልግበት።

ጥሩ። የእኛ ሰፈር ልጅ ግን ራሱን የሚፈልገው እናቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ደመወዙን ለታናናሾቹ እያካፈለ ነው። ኪራዩ የት ይቀመሳል! 25 ሲሞላው ምዕራፉ የሚዘጋለት ስንቱ ነው? ደግሞ ለብቻው ሳይኖር የሚያድግ ሰው ያነሰ አድጓል ማለት አይመስለኝም።

ማታ ዱባይ ያለው ጓደኛችን ወሬውን ሰምቶ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ረጅም ቮይስ ላከ። እሱም የሚፈራው ነገር አለው ለካ። አሁን እኩለ ሌሊት ነው፣ ሁሉም እየተናዘዘ ነው። ሙሽራው ብቻ ለጥ ብሎ ተኝቷል።