ከተማ ውስጥ ደህና የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር አጋሮ መንገድ ላይ ለምን ይግላል?

ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ሲመላለስ የሚውል የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ለወራት ምንም ሳይል ይከርምና፣ አንድ ቀን ወደ አጋሮ ሲነዳ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበት ያጣል። ጋዙ እስከ ጥግ ቢጠመዘዝም ከ40 አያልፍም። አሥር ደቂቃ ጥላ ሥር ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ብዙ ሰው «ባትሪው ደከመ» ይላል። አርፎ ቶሎ የሚያገግም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ሙቀት አይቶ ጉልበት እየቀነሰ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። የሚያስፈራው ምንም ሳይቀንስ እስኪቃጠል የሚሄደው ነው።

ጉዳዩ አምፔር ነው። ነጂውና ሞተሩ አንድ ላይ 200 ኪሎ ቢሆኑ፣ ነጂው ቀጥ ብሎ ቢቀመጥ፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ 1.9 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል። በ90 ግን ወደ 5.4 ኪሎ ዋት ይጠጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ፍላጎቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ነፋስን ለመግፋት የሚወጣው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ። በ72 ቮልት ባትሪ፣ ጎማው ሳይደርስ የሚባክነውንም ጨምረን ስናሰላው ከ31 አምፔር ወደ 88 አምፔር መዝለል ነው። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በሽቦው ከሚያልፈው አምፔር ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ (ይህ አምፔር የባትሪው አይደለም፤ ጎማው ከሚገፋበት ጉልበት ጋር ነው የሚሄደው፣ እሱም እዚህ ወደ እጥፍ ይጠጋል)፣ በ90 ሲነዳ ከ60ው 3.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። መዳብ ሲሞቅ ደግሞ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሲወጣ በ39 በመቶ። ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል።

ስለዚህ ሻጩ «5000 ዋት» ሲላችሁ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው ወይስ ለደቂቃ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ለከተማ የተሠራ 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ሞተር 5 ኪሎ ዋት ለአጭር ጊዜ ይሰጣል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ግን አይችልም።

(ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሳሳ ያለ ነው። መግፋቱን ያቀልላል፣ ማቀዝቀዙንም ግን ይቀንሳል።)

ዳገት ሌላ ሂሳብ ነው። 6 በመቶ ተዳፋት ላይ ክብደቱን ወደ ላይ ለመሳብ የሚጠየቀው የመግፋት ጉልበት በ25ም ሂዱ በ60 ያው ነው። ማርሽ በሌለው የጎማ ሞተር (ጎማው መሐል ላይ የተሠራ ሞተር) ላይ፣ ቀስ ሲባል ነፋሱ ቢቀልም ጊዜው ስለሚረዝም፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጥቅል ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በሁለቱም ፍጥነት ብዙም አይለያይም። ቀስ ማለት የሚጠቅመው ሙቀቱ ለመውጣት ጊዜ ስለሚያገኝ ብቻ ነው። እውነተኛው ልዩነት ጭነት ነው፤ እዚያው ዳገት ላይ በ25 ሲወጣ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ቢጨመር ሙቀቱ በ60 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የጎማ ሞተር ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ጠባብ ነው። ጥቅል ሽቦው መሐል ላይ ከማይዞረው ሻፍት ጋር ታስሮ፣ ዙሪያውን ማግኔቱና ሽፋኑ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ያለው አየር ነው። ስለዚህ ሽፋኑን በእጅ ዳስሶ «ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም» ማለት አታላይ ነው። ውጩ 60 ሲሆን ውስጡ 130 ሊደርስ ይችላል። ሽቦውን የሚለብደው ቫርኒሽ እንደ ደረጃው 155 ወይም 180 ዲግሪ ይችላል። ርካሽ ኒዮዲሚየም ማግኔት ግን 80 ላይ መዳከም ሊጀምር ይችላል። ማግኔቱ ከደከመ ምልክቱ አስገራሚ ነው፦ ጎማው ተነስቶ በባዶ ሲሽከረከር ከበፊቱ ይፈጥናል፣ መንገድ ላይ ግን መሳብ ያቅተዋል።

ከሁሉ በፊት የሙቀት ሴንሰር ይኑራችሁ። ከሞተሩ ከሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች አምስቱ የሆል ሴንሰር (ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው) ናቸው፤ ስድስተኛ ካለ (ብዙ ጊዜ ነጭ) የሙቀት ሊሆን ይችላል፣ የፍጥነትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሶኬቱን ከኮንትሮለሩ ንቀሉና በነጩና በጥቁሩ መካከል ኦም ለኩ። ትንሽ ነድታችሁ ሲሞቅ ድገሙት። 10 ኪሎ ኦም የሚባለው ዓይነት ሲሞቅ ይወርዳል፣ ኬቲዋይ የሚባለው ይወጣል። ከሌለ ሞተሩን አስከፍቶ ሴንሰሩን ጥቅል ሽቦው ላይ ሙቀት በሚችል ኤፖክሲ ማስለጠፍ ነው። ኮንትሮለሩ ከ110 ዲግሪ ጀምሮ እንዲቀንስ፣ 130 ላይ እንዲያቆም አስተካክሉት።

ሽፋኑን በድሪል መብሳት የሚመክር አይጠፋም። በጅማ ክረምት ጭቃና ውኃ ውስጡ ገብቶ ማግኔቱንና ኩሽኔታውን ያዝገዋል፤ አታድርጉት። ከዚያ ይልቅ በማግኔት የሚሳብ ዘይት መሰል ፈሳሽ (ፌሮፍሉይድ)፣ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ክፍተቱን ሞልቶ ሙቀቱን ወደ ሽፋኑ ያሻግራል። ውስጡ ጥርስ ላለው ሞተር ግን አይሆንም።

ኮንትሮለሩ ኮርቻ ሥር ፕላስቲክ ውስጥ ከተቀበረ፣ ጭቃውን ጠርጋችሁ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አውጡት፤ ጀርባውን በሙቀት ቅባት ወፍራም አሉሚኒየም ላይ እሰሩት። ሦስቱን ወፍራም የሞተር ሽቦዎች መገጣጠሚያ እዩ፤ የላላ ቡሎን ራሱ ምድጃ ነው። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩ፤ ፍሬን የሚይዝ ከሆነ ወይም ጎማው ንፋስ ካነሰው ሞተሩ በከንቱ ይለፋል። አንዳንድ ኮንትሮለር ላይ ፍጥነት ለመጨመር የማግኔቱን ኃይል የሚያዳክም ማስተካከያ አለ፤ የሚበላው ተጨማሪ አምፔር ጉልበት ሳይሰጥ ሽቦውን ያሞቃል። ለረጅም መንገድ አጥፉት።

መንገድ ላይ 65 ላይ ያዙ፣ ጎንበስ በሉ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተታችሁ ወዲያው ቁሙ። ስትደርሱም ቻርጀሩን ወዲያው አትሰኩ፤ ባትሪው ከ45 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ጠብቁ፤ ከጉዞ በኋላ ይህ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።